በነጠላ ጫፍ የተቋጠሩ 8 ፍሬዎች፦ ቱ ዩዩ እና የወባ መድኃኒት

ኅዳር ላይ ነው። አንዲት እናት ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ቀርበው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና 8 ቢጫ ፍሬዎች አሳዩኝ። ፍሬዎቹ ከማሸጊያቸው አልወጡም፤ ማሸጊያው በመቀስ ተቆርጦ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ሴትዮዋ ከለጋምቦ ደጋ ለማሽላ አጨዳ ወደ ሀርቡ ቆላ ወርደው እዚያው ወባ ይዟቸው ነበር። ተመርምረው 24 ፍሬ ተሰጥቷቸዋል። በሁለተኛው ቀን ማታ ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ራስ ምታቱም ተዋቸው። «ከዳንኩ ወዲያ ምን ያደርግልኛል? ለልጆቼ ብዬ አስቀመጥኩት» አሉኝ። ሁለት ሳምንት አልፎ ሦስተኛው ሲጋመስ ያው ብርድ፣ ያው መንዘፍዘፍ ተመልሶ መጣ።

እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ትውልዴ ሀርቡ። እንደ እኚህ እናት ያለ ሰው በአንድ የወባ ወቅት ስንት ጊዜ እንደሚገጥመኝ መቁጠር ትቻለሁ። ሰዎቹን መቆጣት ግን አይሆንልኝም። ትኩሳት የለቀቀው ሰው «ዳንኩ» ቢል፣ የተረፈውንም ፍሬ ለልጁ ቢያስቀምጥ፣ ምኑ ያስወቅሰዋል? «3 ቀን ሙሉ ይውሰዱ» ብለን መድኃኒቱን የምንሰጠው እኛ ነን፤ ለምን 3 ቀን እንደሆነ ግን አንናገርም። ምክንያቱ ያልተነገረው ትእዛዝ ደግሞ ትኩሳቱ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል።

ይህን ምክንያት ላስረዳ ስነሳ ሁልጊዜ ወደ አንዲት ሴት ታሪክ እመለሳለሁ። ከሳይንቲስቶች ሁሉ ጀግናሽ ማን ናት ብባል ሳላመነታ የምጠራው ስም የእርሳቸው ነው፦ ቱ ዩዩ። በምሥራቅ ቻይና በኒንግቦ ከተማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1930 ተወለዱ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። «ዩዩ» አባታቸው ከጥንት ግጥም ያወጡላቸው ስም ነው፤ ሜዳ ላይ ሣር የሚግጥ አጋዘን የሚያሰማው ድምፅ ነው ይባላል። በ16 ዓመታቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ሁለት ዓመት ከትምህርት ቀሩ። ሲድኑ የመድኃኒትን ነገር ለማጥናት ቆረጡ፤ በ1955ም ከቤጂንግ የሕክምና ኮሌጅ በፋርማሲ ተመረቁ። የዶክትሬት ዲግሪ የላቸውም። ውጭ አገር ሄደው አልተማሩም። በ2015 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ሲጋሩ የአገራቸው የሳይንስ አካዳሚ አባል እንኳ አልነበሩም። የሙያ ባልደረባዬ ናቸው ብዬ ስናገር ልቤ ይሞላል።

ወባን ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት፣ የቦርከናን ሸለቆ ይዞ ወደ ሀርቡ ሲወረድ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በሽታውን የሚያመጣው ፕላዝሞዲየም የተባለ ጥገኛ ሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ16 ወይም ከ18 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ደሴ ያደረ ሰው ሳይታመም ሀርቡ ያደረ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው። ወቅቱም የታወቀ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲጠራቀምና ፀሐይዋ ስትመለስ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አዝመራው የሚደርሰውም ያኔውኑ ነው። የደጋው ሰው ለሥራ የሚወርደው ትንኟ በበዛችበት ሰሞን፣ ሰውነቱ በሽታውን ሳይለምድ ነው።

ወባው ቆላ ብቻ ታስሮ የማይቀርበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አዳረሰ። በዚያ ዓመት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የቆቦ ሜዳ በዚያው አሥርት ዓመት በአገራችን የወባ መቆጣጠር ሙከራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። እነዚህ የሩቅ ዘመን ቁጥሮች እንዳይመስሉን፤ በ2024 ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ልጅ ሳለሁ ከእኛ ቤት ንዳድ የማይገባበት መስከረም አልነበረም። ወንድሜ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ተደርቦለት እንኳ አልጋው እስኪንቋቋ ሲንዘፈዘፍ አስታውሳለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋቢውን ገፍትሮ «ተቃጠልኩ» ይላል፤ ማታ ላብ በላብ ሆኖ ይተኛል። በማግስቱ ደኅና ነው፣ ይጫወታል። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያችው ሰዓት ገደማ፣ ብርዱ ይመለሳል። አያቴ ቀኑን ያውቁታል። ከሰሉ ላይ ድስት ጥደው ቅጠል ያፈላሉ፣ በእንፋሎቱ ያጥኑታል፣ መራራውንም ያጠጡታል፣ «አብሽር፣ አንድዬ ያሽርሃል» ይሉታል። አንዳንዴ ይሻለው ነበር፣ አንዳንዴ አይሻለውም ነበር።

አያቴ ሌላም ነገር ይሉ ነበር፦ «በቆሎ ሲያብብ ንዳድ ይነሳል»። ከበቆሎው አጠገብ እንዳንጫወት ይከለክሉናል። ኮሌጅ ገብቼ የወባን መተላለፊያ ስማር በዚህ አባባል አፍሬበት ነበር፤ ወባ የሚመጣው ከትንኝ እንጂ ከበቆሎ አይደለም ብዬ። ኋላ ላይ ነው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችን ያነበብኩት። የበቆሎ አበባ ብናኝ በአቅራቢያው ባለ ኩሬ ላይ ሲያርፍ የወባ ትንኝ እጮች ይመገቡታል፣ በፍጥነትም ያድጋሉ። አያቴ ምክንያቱን አያውቁም ነበር፤ ያዩት ነገር ግን እውነት ነበር። ያፈርኩት እኔ ነኝ ቸኩዬ የፈረድኩት። የቱ ዩዩን ሥራ በትክክል የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ይመስለኛል።

የሥራቸው ታሪክ ከጦርነት ይጀምራል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቬትናም ጫካ ውስጥ ከጥይት እኩል ወባ ወታደር ይጨርስ ነበር። ለብዙ ዓመታት ፈዋሽ የነበረው ክሎሮኪን መሥራት አቁሟል። ሰሜን ቬትናም ቻይናን እርዳታ ጠየቀች፤ ቻይናም ግንቦት 23 ቀን 1967 አንድ ምስጢራዊ የምርምር ዘመቻ ጀመረች። ስሙም ከቀኑ ወጣ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በአምስተኛው ወር በ23ኛው ቀን ስለሆነ «523» ተባለ። ወቅቱ የባህል አብዮት ነው፤ የተማረ ሰው የሚዋረድበት፣ ቤተ ሙከራ የሚዘጋበት ጊዜ። በ1969 መጀመሪያ ቱ ዩዩ በባህላዊ ሕክምና አካዳሚያቸው ውስጥ የአንድ ቡድን መሪ ሆነው ተሾሙ። ዕድሜያቸው 38 ነበር።

ወዲያው በደቡብ ወዳለችው ሞቃታማ የሃይናን ደሴት ሄደው ሕሙማኑን በዓይናቸው አዩ። ሲመለሱ የያዙት ሥራ እንደ ቀላል የሚታይ ግን አድካሚ ነው፤ ጥንታዊ የመድኃኒት መጻሕፍትን ማገላበጥና ባህላዊ ሐኪሞችን መጠየቅ። 2,000 ያህል የመድኃኒት አዘገጃጀቶችን ሰበሰቡ፤ ከእነዚያም 640 የሚሆኑትን ለወባ ይሠሩ ይሆናል ብለው በአንድ ጥራዝ አወጡ። ከዚያ ማፍላት፣ ማጣራት፣ ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ መሞከር። ከ200 ገደማ ዕፀዋት 380 ያህል ጭማቂዎች ተሞከሩ።

ከእነዚህ አንዱ ቺንግሃኦ የተባለው ተክል ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ አርቴሚሲያ አኑዋ። በመጀመሪያ ሙከራ የጥገኛውን እድገት 68 በመቶ ያህል ገታ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ሲደገም ግን ወደ 40 ወረደ፣ በሌላ ጊዜም 12 ብቻ ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል፤ 380 ጭማቂ የሞከረ ሰው 381ኛውን ይሞክራል እንጂ በወደቀው ላይ ጊዜ አያጠፋም። ቱ ዩዩ ግን ወደ መጽሐፉ ተመለሱ።

መጽሐፉ በ340 ዓመተ ምሕረት ገደማ (እ.ኤ.አ.) ገ ሆንግ የተባለ ሐኪም የጻፈው የድንገተኛ ሕመም መድኃኒቶች መዝገብ ነው። ስለ ቺንግሃኦ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንድ ጭብጥ ቅጠል ወስደህ በውኃ ዘፍዝፍ፣ ጨምቀህ ጭማቂውን ጠጣ ይላል። አለቀ።

እስቲ ይህን መስመር ደግመን እናንብበው። እሳት የሚል ቃል የለበትም። አፍላ አይልም፣ ቀቅል አይልም። የቻይና ባህላዊ መድኃኒት እንደ እኛው አብዛኛውን ጊዜ በማፍላት የሚዘጋጅ ነው፤ ቡድናቸውም እስከዚያ ቀን የቅጠሉን ጭማቂ ያወጣው በሙቀት ነበር። ቱ ዩዩ የተጻፈውን ብቻ አላነበቡም፣ ያልተጻፈውንም አስተዋሉ። ሙቀቱ ፈዋሹን ነገር እያጠፋው ቢሆንስ ብለው ጠየቁ። 

መልሱን ለማግኘት ውኃውን ትተው ኤተር የተባለ ፈሳሽ ተጠቀሙ። ኤተር የሚፈላው በ34.6 ዲግሪ ነው። የሰውነታችን ሙቀት 37 ነው። ኤተር መዳፍ ላይ ቢንጠባጠብ በእጅ ሙቀት ብቻ ተንኖ ያልቃል ማለት ነው፤ ቅጠሉን የሚነካው ሙቀት የዚያን ያህል ለስላሳ ነው። ሌላም ጥቅም ነበረው። ፈዋሹ ንጥረ ነገር በውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ጠባዩ ወደ ቅባት ያደላል፣ ኤተር ደግሞ ቅባት ነክ ነገሮችን ያወጣል። ስለዚህ ያ ለውጥ በሁለት በኩል ጠቀመ። ከወጣው ጭማቂ አሲድነት ያለውን፣ መርዛማና ፋይዳ ቢስ የሆነውን ክፍል ለይተው ጣሉት። ጥቅምት 4 ቀን 1971 ቁጥር 191 የተሰጠው ናሙና አይጦች ላይ ተሞከረ። 100 በመቶ። በዝንጀሮዎች ላይም እንዲሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው በጣም የሚነካኝ። ለሰው የሚበቃ መድኃኒት ለማውጣት ብዙ ቅጠል፣ ብዙ ኤተር ያስፈልጋል፤ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ግን በአብዮቱ ምክንያት ተዘግተዋል። ስለዚህ የቤት ውኃ የሚጠራቀምባቸውን ትላልቅ ጋኖች አመጡና ቅጠሉን በኤተር ዘፈዘፉት። ክፍሉ በቂ አየር ማስወጫ አልነበረውም። የኤተር ሽታ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉበት ይጎዳል፤ ቱ ዩዩ ራሳቸው የጉበት ሕመም አገኛቸው። መድኃኒቱ ሲደርስም በእንስሳት ላይ የታየው የደኅንነት ውጤት አጠራጣሪ ሆኖ ክርክር ተነሳ። የወባው ወቅት እያለፈ ነው፤ ካለፈ የሚሞከርበት ሕመምተኛ የሚገኘው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በሐምሌ 1972 ቱ ዩዩና ሁለት ባልደረቦቻቸው ሆስፒታል ገብተው በሐኪም ክትትል ራሳቸው ዋጡት። ጉዳት አልደረሰባቸውም። በዚያው ወቅት ሃይናን ውስጥ ለ21 ሕሙማን ተሰጠ፤ ትኩሳታቸው ወረደ፣ ከደማቸው ጥገኛው ጠፋ።

ዛሬ እንዲህ ያለ አሠራር አይፈቀድም፣ መፈቀድም የለበትም። ግን ሌላውን ሰው ከማስዋጣቸው በፊት ራሳቸውን ማስቀደማቸውን ሳስብ፣ በመስኮቴ በኩል የማድለውን እያንዳንዱን ፍሬ በሌላ ዓይን አያለሁ።

በ1972 መጨረሻ ንጹሑ ንጥረ ነገር እንደ መርፌ በሾለ ነጭ ክሪስታል መልክ ተለየ። አርቴሚሲኒን ይባላል። እዚህ ላይ የፋርማሲ ሰው ብቻ የሚያደንቃት አንዲት ገጠመኝ አለች። በቀጣዩ ዓመት በጽላት መልክ አዘጋጅተው ሲሞክሩት ውጤቱ ደካማ ሆነ። ንጥረ ነገሩ ከዳቸው ወይ? የለም፤ ጽላቱ ሆድ ውስጥ ገብቶ በሚገባ አልፈርስ ብሎ ነው። በካፕሱል አድርገው ሲሰጡት ሠራ። በዚያው በ1973 ዲሃይድሮአርቴሚሲኒን የተባለውን የበለጠ ኃይለኛ ዝርያውን አገኙ። ኮአርተም ብለን በምንጠራው፣ በእናቲቱ ነጠላ ጫፍ በተቋጠረው መድኃኒት ውስጥ ያለው አርቴሜተር ሰውነታችን ሲገባ የሚለወጠው ወደዚህ ነው።

እንዴት ነው የሚገድለው? ትንኟ ስትነክሰን ጥገኛው መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይደበቃል፣ ቀጥሎ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ይገባል። እዚያ ምግቡ ሂሞግሎቢን ነው፣ ማለትም ደማችንን ቀይ የሚያደርገውና ብረት ያዘለው ፕሮቲን። ሲበላው ብረት ያዘለው ክፍል ይተርፋል። ይህ ትርፍ ለጥገኛው ራሱ መርዝ ነው፤ ስለዚህ አጠራቅሞ ወደማይጎዳ ጠጣር ይለውጠዋል። የድሮው ክሎሮኪን የሚሠራው ይህን የማጠጠር ሥራ በማሰናከል ነበር፤ ጥገኛው በራሱ መርዝ ይሞታል። ቀስ በቀስ ግን ክሎሮኪኑን ከገባበት እየገፋ ማስወጣትን ለመደ፤ መድኃኒቱም ከሸፈ።

አርቴሚሲኒን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አንዱ ሞለኪውል 15 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅን እና 5 ኦክስጅን አለው። ከ5ቱ ኦክስጅኖች ሁለቱ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ድልድይ ተዘርግተዋል። ይህ ድልድይ እንደ ተጠመደ ወጥመድ ነው፤ ማስፈንጠሪያው ብረት ነው። ጥገኛው ሂሞግሎቢን በልቶ ብረቱን ባወጣበት ቦታ መድኃኒቱ ሲደርስ ድልድዩ ይሰበራል። ስብርባሪው ያገኘውን የጥገኛውን ፕሮቲን ሁሉ እየያዘ ያበላሻል። ደማችንን የሚዘርፈው ሌባ በዘረፈው ዕቃ ተይዞ እንደሚጋለጠው ማለት ነው፤ ብዙ የበላው ብዙ ብረት ያወጣል፣ ወጥመዱንም በራሱ ላይ ይፈታል። ጤነኛው ሕዋሳችን ግን እንዲህ ያለ ልቅ ብረት ስለሌለው በአብዛኛው ይተርፋል።

አሁን ወደ 8ቱ ፍሬዎች ልመለስ። ለአዋቂ ሰው አራት አራት ፍሬ 6 ጊዜ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወዲያው፣ ሁለተኛው ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። 24 ፍሬ በ3 ቀን ያልቃል። በጠና የታመመ ሰው ሰውነት ውስጥ እስከ 1 ትሪሊዮን የሚደርስ ጥገኛ ሊኖር ይችላል። ጥገኛው በ48 ሰዓት አንዴ ይራባል፤ ያ አንድ ዙሩ ነው። አርቴሚሲኒን በአንድ ዙር ውስጥ ከ10,000ው አንዱን ብቻ ያስተርፋል። በጣም ኃይለኛ ነው፤ ሂሳቡን ግን እንሥራው። ከአንድ ዙር በኋላ ከ1 ትሪሊዮኑ 100 ሚሊዮን ይቀራል። 100 ሚሊዮን ጥገኛ ይዞ ሰው ትኩሳት ላይሰማው ይችላል። እንጀራው ይጥመዋል፣ ይሠራል፣ «ዳንኩ» ይላል። ሁለተኛው ቀን ማታ ማለት ይኸው ነው። ሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን ወደ ሁለተኛው ዙር ያሻግረዋል፤ ያኔ የሚተርፈው ወደ 10,000 ይወርዳል።

10,000ውስ? አርቴሜተር ከደም ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ይጠፋል። ስለዚህ በዚያው ፍሬ ውስጥ ሉሜፋንትሪን የተባለ ጓደኛ ተጨምሮለታል። እርሱ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ግን ለቀናት ይቆያል፤ የተረፉትን ይለቅማል። ለመልቀም ግን በቂ መጠን ተከማችቶ መቆየት አለበት፤ የመጨረሻዎቹ ፍሬዎች ሥራቸው ይህ ነው። ሴትዮዋ ያስቀሯቸው 8ቱ እነዚሁ ነበሩ። ሉሜፋንትሪን ደግሞ ያለ ቅባት በሚገባ አይሰረግም፤ በባዶ ሆድ የተዋጠ ብዙው ሳይጠቅም ይወጣል። ስለዚህ ነው «በወተት ይዋጡት» የምንለው፤ ወተት ከሌለ ቅቤ ወይም ዘይት የነካው ምግብ ይሁን።

«የተረፈው ፍሬ ለልጁ ቢሰጥስ?» የሚል ይኖራል። የልጅ መጠን በክብደቱ ይወሰናል፤ 8 ፍሬ ደግሞ ሙሉ ሕክምና ላይሆን ይችላል። ትኩሳቱም ወባ ላይሆን ይችላል፤ ጣት ተወግቶ ደም ሳይታይ ማንም አያውቅም።

ስለ ቅጠሉም የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አርቴሚሲያ በተባለው ወገን ውስጥ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉ፤ እኛ ጋ አሪቲና ጭቁኝ ከዚሁ ወገን ናቸው። ሽታቸውን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። «ታዲያ አሪቲያችን ወባ አይፈውስም ወይ?» ይሉኛል። አርቴሚሲኒን በበቂ መጠን የሚገኘው በአርቴሚሲያ አኑዋ ነው፤ ስምና ሽታ መጋራት መድኃኒት መጋራት አይደለም። አኑዋ ራሷም ብትሆን በሻይ መልክ ስትጠጣ መጠኑ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የቅጠሉን ሻይ ለወባ አይመክርም፤ አንሶ የተወሰደ መድኃኒት በሽታውን ሳይጨርስ ጥገኛውን ያስለምደዋልና።

ይህን የምለው የአያቴን ድስት ለማቃለል አይደለም። ቱ ዩዩ የጥንቱን መጽሐፍ እንደ ተረት አልጣሉትም፤ የተጻፈ ስለሆነ ብቻም አላመኑትም። አይጥ ላይ፣ ዝንጀሮ ላይ፣ ራሳቸው ላይ ፈተኑት። አገራችንም ይህን ታውቃለች። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር እንዶድ ውስጥ እንዳለ አሳዩ። ሴቶቹ ለዘመናት ያጥቡበት ነበር። የጎደለው ቆም ብሎ የሚመረምር ሰው ነበር።

ፍትሕ ለማድረግ አንድ ነገር ልጨምር። «523» በብዙ ተቋማት የተሰማሩ ብዙ መቶ ተመራማሪዎችን ያቀፈ ዘመቻ ነበር። ክሪስታሉን በሌላ ቦታ በብዛት ያወጡ፣ በብዙ ሕሙማን ላይ የፈተኑ፣ የሞለኪውሉን ቅርፅ ያጠኑ ሌሎች አሉ። በ1977 ግኝቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም የማንም ግለሰብ ስም አልወጣበትም። ሽልማቱ ለአንዲት ሴት መሰጠቱ ያከራከረውም ስለዚህ ነው። እኔ በበኩሌ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ያቺን መስመር ደግመው አንብበው «እሳት የለም» ያሉት እርሳቸው ናቸው፤ ያለ ናሙና 191 የቀረው ሁሉ መነሻ አይኖረውም ነበር።

ኢትዮጵያ ኮአርተምን ፋልሲፓረም ለተባለው አደገኛ የወባ ዓይነት የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጋ የተቀበለችው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት ክሎሮኪን ከሽፎ፣ እርሱን የተካውም ከሽፎ ነበር። ይህኛው እንዳይከሽፍ የምንፈራበት ጊዜ ደርሷል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ መድኃኒቱን የሚቋቋም ጥገኛ ከታየ ከ15 ዓመት በላይ ሆነው፤ ከመቋቋም ጋር የተያያዙ የዘረመል ለውጦች በምሥራቅ አፍሪካ፣ በአገራችንም ተገኝተዋል። በሌላ በኩል ከእስያ የመጣች አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝ ባቲን ጨምሮ በምሥራቁ ክፍል ከተሞች ታይታለች። እርሷ ኩሬ አትጠብቅም፤ ክዳን በሌለው በርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ውስጥ ትፈለፈላለች። ከተማ ነኝ ብሎ መዘናጋት ከእንግዲህ አያዋጣም፤ በርሜሉን መክደን ያዋጣል።

ለለጋምቦዋ እናት ይህን ሁሉ አልተናገርኩም፤ ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። በድጋሚ ተመርምረው ፋልሲፓረም ተገኝቶባቸው ሐኪሙ አዲስ 24 ፍሬ አዞላቸዋል። ማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይና ጨረቃ ሣልኩላቸው፤ ፀሐይ ጠዋት፣ ጨረቃ ማታ። ስለ 100 ሚሊዮኑ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ። «በእኔ ውስጥ?» አሉ። ከጎን ካለው ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ወተት አስመጣሁ።

«ይኼን ያገኘ ማነው?» ብለው ፍሬዎቹን መዳፋቸው ላይ አገላበጡ።

«ሴት ናቸው፣ እናቴ። የቻይና ሴት።»

«ልጆች አሏት?»

ሁለት ሴቶች ልጆች እንዳሏቸው ነገርኳቸው። ሃይናን ሲላኩ ባላቸውም ወደ ገጠር ተልከው ስለነበር ትልቋን በ4 ዓመቷ ሕፃናት ማቆያ፣ ትንሿን ኒንግቦ ወላጆቻቸው ዘንድ ትተው ነበር የሄዱት። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ትንሿ አላወቀቻቸውም።

ሴትዮዋ ሁለቱን ልጆቻቸውን ለጋምቦ እናታቸው ዘንድ ትተው ነበር ለአጨዳ የወረዱት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «አላህ ይካሳት» አሉና አራቱን ፍሬ አንድ በአንድ በወተቱ ዋጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አሮጌዎቹን 8 ፍሬዎችም መስኮቱ ላይ አስቀመጡልኝና፣ ጨረቃ የተሣለችበትን ቦታ በጣታቸው ነክተው «የሚቀጥለው እንግዲህ ማታ ነው» አሉኝ።